ከቤት ሆኖ የልብ ማገገሚያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቴ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላት ከሆስፒታል ስትወጣ ብዙ ወረቀት ሰጡን። በአንዱ ላይ፣ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር በታች፣ «ካርዲያክ ሪሀብ»፣ ማለትም የልብ ማገገሚያ፣ የሚል አንድ መስመር ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም። ከሳምንት በኋላ ነርስ ደውላ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» ስትለን ነው የነቃነው። ማዕከሉ ሜሪላንድ ካለው ቤታችን በመኪና 40 ደቂቃ ይርቃል። እናቴ መኪና አትነዳም፤ እኔ ሥራ እገባለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ማን ያመላልሳት? ነርሷ «ከቤት ሆነውም ይቻላል» አለች። እንዲህ ሆነና 12 ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ማገገሚያ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ይጠይቀኛል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። የመድኃኒቱንም የእንቅስቃሴውንም መጠን የሚወስነው የራሳችሁ ሐኪም ነው።

የልብ ማገገሚያ ማለት ስፖርት ነው?

ስፖርት አለበት፤ ግን ስፖርት ብቻ አይደለም። ልባቸው የታመመ ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ኑሯቸው የሚመለሱበት ሕክምና ነው። በልካቸው የተሠራ እንቅስቃሴ፣ የመድኃኒት ክትትል፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ቁጥጥር፣ የምግብ ምክር፣ ሲጋራ ማቆም፣ ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱን የሚያዳምጥ ሰው። የመጨረሻውን ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። እናቴ ግን ከሆስፒታል በወጣች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ መውጣት ትፈራ ነበር። ልቧ ችሎ፣ እሷ አላመነችውም።

ጥቅሙ በደንብ የተጠና ነው። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግምገማ 85 ጥናቶችንና ከ23,000 በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ አይቷል። ስቴንት የገባላቸው፣ ባይፓስ (ደም የተዘጋውን ሥር አልፎ እንዲሄድ ሌላ መንገድ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና) የተሠራላቸው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸው ሰዎች በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ማገገሚያ ሲያደርጉ በልብ በሽታ የመሞት፣ ዳግም የመታመምና ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ይቀንሳል። ይህን እያወቁ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ መጻፍ ያሳዝነኛል።

ከርቀት ሲሆንስ እንዴት ነው የሚሠራው?

የእኛን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንድ ቀን ማዕከሉ ድረስ ሄድን። ኢሲጂ፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ አነሷት። ረጅም ኮሪደር ላይ 6 ደቂቃ አስኬዷትና ስንት ሜትር እንደሄደች ለኩ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አዩ። ይህ የመጀመሪያ ምርመራ መዘለል የለበትም። ያለ እሱ ከስልክ ላይ በተጫነ መተግበሪያ ብቻ የሚጀመር ነገር ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን አልገባበትም።

ከዚያ ታብሌት፣ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ፣ ሚዛንና በእጅ የሚታሰር ሰዓት ይዘን ተመለስን። መለኪያዎቹ በብሉቱዝ ከታብሌቱ ጋር ስለተገናኙ ቁጥሩ ራሱ ይተላለፋል። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ በቪዲዮ ትመጣለች። እናቴ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ታርፍና ግፊቷን ትለካለች። ከዚያ ማሟሟቂያ፣ ቀጥሎ ከሶፋው እስከ ኩሽናው በር እየተመላለሱ መራመድ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ። መጀመሪያ ላይ መራመዱ 8 ደቂቃ ነበር። በ12ኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ደርሳ ነበር።

በየመሀሉ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ድካምዎ ስንት ደረሰ?» መልሱ ከ6 እስከ 20 ባለው ቁጥር ነው፤ የቦርግ መለኪያ ይሉታል። 6 ቁጭ ብሎ እንደማረፍ ነው፣ 20 ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም የሚባልበት። ለእሷ የተሰጣት ከ11 እስከ 13 ነበር። ቁጥሩ ለሚያደናግረው ሰው ቀላሉ መንገድ ወሬ ነው። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቀንሱ።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። በቀጥታ ቪዲዮ የሚያዩ አሉ። ሰዓቱ የመዘገበውን በኋላ አይተው በሳምንት አንዴ የሚደውሉ አሉ። ግማሹን ማዕከል፣ ግማሹን ቤት የሚያደርጉም አሉ። የመጨረሻው ለብዙ ሰው የሚመች ይመስለኛል።

ለማን ነው?

ድንገተኛ የልብ ሕመም ለገጠመው፣ ስቴንት ለገባለት፣ ባይፓስ ወይም የቫልቭ (የልብ ውስጥ በር) ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ልብ ለተተከለለት፣ ሕመሙ የተረጋጋ የልብ ድካም ላለበት ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። እኛ «የልብ ድካም» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አንዱ የልብ ደም ሥር ድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ነው፤ ሀርት አታክ የሚባለው። ሌላው ልብ ደም የመግፋት አቅሟ ሲቀንስ ነው፤ እኔ እዚህ «የልብ ድካም» የምለው ይህን ነው። ሕክምናቸው ይለያያል። ለሐኪምም ለአስተርጓሚም ስትናገሩ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የሆስፒታሉን ወረቀት አሳዩ።

እውነት እንደ ማዕከሉ ይሠራል? ወይስ ለድሃ የተተወ ነው?

ይህን የጠየቁኝ አንድ አባት ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ቅሬታ እየታየ። ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና አይደለም። ቤት የሚደረገውንና ማዕከል የሚደረገውን ያወዳደሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ 162 ታካሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት ግማሾቹ ደረታቸው ላይ መሣሪያ አድርገው ከቤታቸው ሲንቀሳቀሱ ባለሙያ ከርቀት ይከታተላቸው ነበር። በ12 ሳምንት ያገኙት አቅም ማዕከል ከሄዱት አላነሰም። ወጪው ደግሞ ያነሰ ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ይበልጥ ያሳመነኝ ነው። 120 ሰዎች ነበሩ። በሞባይል ከተከታተሉት 80 ከመቶው ፕሮግራሙን ጨረሱ። ማዕከል እየተመላለሱ ከተከታተሉት የጨረሱት 47 ከመቶው ናቸው። የማገገሚያ ትልቁ ችግር ሰው መሀል ላይ ማቋረጡ ነው። መንገድ፣ ሥራ፣ የልጅ ልጅ መጠበቅ፣ በረዶ። ቤት ሲሆን ሰበቡ ይቀንሳል።

ሁሉን ያድናል ግን አልልም። ፖላንድ ውስጥ የልብ ድካም ያለባቸው 850 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ታካሚው ቤቱ ሆኖ ከእንቅስቃሴ በፊት ኢሲጂውን በሞባይል ይልካል፣ «ጀምር» ሲባል ይጀምራል። አቅማቸውና የኑሮ ስሜታቸው ተሻሽሏል። በሞትና ሆስፒታል በመተኛት ላይ ግን ከሌሎቹ የተለየ ውጤት አልታየም። ይህንንም አውቆ መግባት ጥሩ ነው።

ብቻዬን ሆኜ ስንቀሳቀስ አንድ ነገር ብሆንስ?

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ምርመራው የሚደረገው፤ አደጋው ከፍ ያለ ሰው ቢያንስ በመጀመሪያው ወቅት ማዕከል ውስጥ እንዲሠራ ይደረጋል። ቤት ለሚሠራው ደግሞ ጥቂት ጥብቅ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ ሰው ይኑር። ስልኩ ከእጅ አይራቅ። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። ባለሙያው አድራሻችሁን ሙሉውን፣ የአፓርታማ ቁጥሩን ጭምር ይያዝ። ቪዲዮ ላይ ሆኖ አምቡላንስ መጥራት የሚችለው ያን ሲያውቅ ነው።

ትኩሳት ካላችሁ፣ ወይም አርፋችሁ ስትለኩ ግፊታችሁ ከ180 በ110 ካለፈ፣ የዚያን ቀን እንቅስቃሴ የለም፤ ደውሉ። እየሠራችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ከተጫናችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞራችሁ፣ ላብ ካጠመቃችሁ ወዲያው አቁሙና ተቀመጡ። ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ታዞላችሁ ከሆነ ውሰዱ። በ5 ደቂቃ ካልለቀቃችሁ ለልጅ አትደውሉ፤ ለአምቡላንስ ደውሉ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኢትዮጵያ የቀይ መስቀሉ 907።

ሰዓቱ የሚያሳየውን የልብ ምት ልመን?

እንደ ጓደኛ ምክር ውሰዱት። በእጅ አንጓ ላይ ያለው ሰዓት በብርሃን ነው የሚለካው። እጅ ሲወዛወዝ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብስበታል። ደረት ላይ የሚታሰረው የተሻለ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥር እንኳ እዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥም ችላ ማለትም ልክ አይደለም። የራሳችሁ የተለመደ ቁጥር ስንት እንደሆነ እወቁ።

ሌላው ስህተት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለው ሒሳብ ነው። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው አለ። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ለሚወስድ ሰው አይሠራም። መድኃኒቶቹ የልብን ምት እንዳይፈጥን ሆን ብለው ይይዙታል። ሒሳቡ የሚለው ላይ ለመድረስ መሮጥ ልብን ያለ አቅሟ ማስገደድ ነው። የእናንተን ልክ ከምርመራ ተነስቶ የሚያወጣው ባለሙያው ነው።

እናቴ ስማርት ስልክ አትችልም። ይቅርባት?

አይቅርባት! የእኔም አትችልም ነበር። ታብሌቱ ላይ አንድ ምልክት ብቻ አስቀረንላት፣ ሌላውን ደበቅነው። መነጽሯን ከታብሌቱ ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥን። የሚገርማችሁ፣ ያስቸገረን ቴክኖሎጂው አልነበረም። ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። አንድ ቀን ቀጠሮው 2:00 ይላል። እኔ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስኒከሯን አስራ፣ ጥቁር የሆነ ስክሪን ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብላ ጠበቀች። አልደወለችልኝም። «ሥራ ላይ ነሽ ብዬ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒቱንም የቀጠሮውንም ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። እናንተም ይህን አስቀድሙ።

ስማርት ስልክ ጨርሶ ባይኖርስ? ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀና ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የቤት ማገገሚያ የሚሠራው በመጽሐፍ፣ በቴፕ ካሴትና በባለሙያ ክትትል ነበር። ጠቅሟል። ተራ ስልክና በየሳምንቱ የሚደውል ነርስ ካለ ዋናው ነገር አለ ማለት ነው።

በየቀኑ መመዘን ምን ያደርጋል? ደህና መሆኔን እናገር የለ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም የእናቴ ነው።

የልቧ አቅም ከሕመሙ በኋላ ስለቀነሰ በየጠዋቱ ሽንት ቤት ሄዳ ስትመለስ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሳ ትመዘናለች። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ አስተርጓሚው በስልክ መስመሩ ላይ ሆኖ ነርሷ «እንዴት ነዎት?» አለቻት። «ተመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አለች። የልጅ ልጆቿን አነሳች። ነርሷንም ልጆቿን ጠየቀቻት። ነርሷ ታግሳ አዳመጠችና «ሚዛንዎ ግን በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ጨምሯል። እግርዎን ለካሜራው ያሳዩኝ እስቲ» አለች። ካልሲዋን ዝቅ ስታደርገው የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠልቆ ምልክት ትቷል። በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ አልሞላ አለ። ውኃ ይዛ ነበር። ሌሊትም ትራስ ደርባ ነበር የምትተኛው። ሳልጠይቃት አልነገረችኝም። የዚያኑ ቀን ሐኪሙ የላሲክሷን፣ ውኃ የሚያስወጣውን የሽንት ኪኒን፣ መጠን አስተካከለ፤ ሆስፒታል ሳትገባ ቀረች።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሕመም አይናገሩም። «እንዴት ነዎት» ለሚል ሰው «አሞኛል» ማለት ምስጋና ማጉደል ይመስላቸዋል። ሚዛኑ ይህ ይሉኝታ የለበትም። ለእኛ ሰው የርቀት ክትትል ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሚዛኑ ይነግራል፣ ከወዲያ ያለው ሰው ደግሞ አይቶ ይጠይቃል። ቁጥሩን የሚያይ ሰው ከሌለ ግን መሣሪያው ዕቃ ነው። ስትመዘገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ቁጥሩን ማን ነው የሚያየው? በየስንት ጊዜው? ቅዳሜና እሑድስ?»

በጾም ወቅትስ?

ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ ደብቃችሁ አትጹሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ቆይቶ፣ የሽንት ኪኒን ውጦ፣ በዚያ ላይ መንቀሳቀስ ግፊትን ይጥላል፤ ያዞራል፤ ያስወድቃል። የእናቴን ሰዓት ወደ ማታ አዞሩላት፤ በልታ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ። የንስሐ አባቷም ለታመመ ሰው የሚሉትን አሏት። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። በራስ መወሰን ግን አይሆንም።

ቫልቭ የተቀየረለት ወይም ደረቱ የተከፈተ ሰው ምን ይጠንቀቅ?

የደረት አጥንት እስኪጠግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መግፋት፣ በአንድ እጅ ተመርኩዞ መነሳት የለም። የእንጀራ ምጣድም የውኃ ጀሪካንም ከባድ ነገር ናቸው፤ ለፊዚዮቴራፒስቱ በስማቸው ንገሩት፣ የቤታችሁን ሥራ በግምት አያውቀውም።

የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ሁዳዴ ሲገባ ጎመን በየቀኑ ይሆናል፣ ሲፈታ ደግሞ ድንገት ይቀራል። ችግሩ መብላቱ አይደለም፣ መለዋወጡ ነው። በጾም መግቢያና መውጫ አይኤንአር፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ አስለኩ። መውደቅ የሚያመጣ እንቅስቃሴም ይቅር፣ ደም ቶሎ አይቆምምና።

ኢትዮጵያ ላሉ ወላጆቻችንስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የልብ ሕመም የሽማግሌ ብቻ አይደለም። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይዟል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር ለብዙ ቤተሰብ ተስፋ ሆኗል። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ይደረግና ልጁ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ይመለሳል። ክትትሉ የሚላላው ያኔ ነው። ስልክ የሚጠቅመውም ያኔ ነው። በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን ቀኑ እንዳያልፍ ማስታወስ፣ የሚያስለው ነገር ካለ መጠየቅ፣ ዋርፋሪኑን መከታተል። ይህ ሁሉ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታም በድምፅ ጥሪና በአጭር መልእክት ይሠራል።

ውጭ ያላችሁ ሻንጣ ውስጥ የምታስቀምጡት አንድ ነገር ቢኖር በክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይሁን፤ በእጅ አንጓ የሚታሰረውን ተዉት። ባትሪ ጨምሩበት፣ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ። ቁጥሩን ለእናንተ ብቻ አይላኩ። እዚያ የሚያዩአቸው ሐኪም ዘንድ ይዘውት የሚሄዱት ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፉ። ሐኪሙ ሲፈቅድ መራመዱን በቪዲዮ አብራችኋቸው አድርጉት። እኔ ከአክስቴ ጋር እሑድ እሑድ እንዲህ እንራመዳለን፤ እሷ ግቢዋ ውስጥ፣ እኔ እዚህ ሰፈር።

አስተርጓሚና ክፍያስ?

አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም የቋንቋ እርዳታ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቪዲዮ ላይም ቢሆን። ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። እናት ለልጇ የማትነግረው ሕመም አለ። እስራኤል ያላችሁ በአማርኛ በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት ስላለ ክሊኒካችሁን ጠይቁ።

ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ በማዕከል ለሚሰጠው ማገገሚያ በተለምዶ ለ36 ክፍለ ጊዜ ይከፍላል። የቤቱ ደንብ ግን ይቀያየራል፣ ከኢንሹራንስ ኢንሹራንስም ይለያል። ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ «ከርቀት የሚደረገውን ትሸፍናላችሁ? የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» በሉ። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

መረጃዬን ማን ያየዋል?

የሚከታተላችሁ ቡድን። እናንተ ግን የኢሲጂ ፎቶ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። አንዴ ከወጣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የሚመጣላችሁም ምክር አሥራ አምስት ዓይነት ነው።

12 ሳምንቱ ሲያልቅስ?

ታብሌቱና መለኪያዎቹ በካርቶን ተመለሱ። ከመመለሳቸው በፊት 6 ደቂቃውን እንደገና አስኬዷት፤ ከመጀመሪያው ቀን ራቅ ብላ ሄደች። ሚዛን ገዛንላት፣ ደብተር ሰጠናት። የጠዋቱን ቁጥር በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ብርድ ሲሆን የገበያ አዳራሽ ውስጥ ከጎረቤቷ ጋር ትራመዳለች፣ ሲሞቅ ደጅ። ነርሷ በሦስተኛው ወር ደውላ «እንዴት ነዎት?» ስትላት «ቆይ» ብላ ደብተሩን ልታመጣ ተነሳች።